ወንዱ ኮሽም

በእኛ ጊዜ አጥር ማለት ኮሽም ነበር፤ ብሎኬቱ ቆርቆሮው ኋላ የመጣ ነው። እሾሁን አይተሽዋል? ጅብ አይደፍረውም እኮ። ፍሬው ደግሞ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ለሆድ ትልም ይበላል። ታዲያ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ እዚህ አቃቂ ቤት ስንሠራ ከወንዙ ዳር ሁለት ኮሽም አምጥቶ በሩ ላይ ግራና ቀኝ ተከለ። የዚህ ሰፈር ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ኮሽም ደግሞ ሥሩ ላይ ውሃ ሲተኛ አይወድም፣ እና ድንጋይ ደልድሎ ከፍ አድርጎ ነው የተከለው።

ታዲያ አንደኛዋ ታፈራለች። ያኛው ያብባል፣ ይረግፋል፣ አለቀ። "ይሄን ገልቱ ቁረጠው" እለዋለሁ። "አንቺ ሴት፣ እሱን ብትነኪ የዚችን ፍሬ አታይም" ይለኛል። ሲቀልድ መሰለኝ፤ ቀልደኛ ነበራ።

እና ፍሬው ሲደርስ ከፈረቃ የሚወጡት ሴቶች ሁሉ "እትዬ ዘነበች፣ ደረሰ ወይ?" እያሉ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሲያወሩ ይመሻል። ቤቴ ሰው አጥቶ አያውቅም ነበር።

ኋላ እሱ ሞተ። ለአርባው ማገዶ አነሰና ያንን የማያፈራውን አስቆረጥኩት። እርጥቡ እንጨት አልነድ ብሎ በጭሱ ስናለቅስ ዋልን።

በዓመቱ ይቺ አበበች፣ ፍሬ ግን የለም። በሚቀጥለውም የለም። ሴቶቹም አንድ ሁለት ጊዜ ጠየቁ፣ ከዚያ ቀሩ። ለእኔ ብለው የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። ይሄ ነው ያንገበገበኝ፣ ልጄ።

ታዲያ ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። ልጁ "እማማ፣ ወንዱን ነዋ የቆረጡት፤ ኮሽም ወንድና ሴት አለው" አለኝ።

"እንግዲያው ወንድ ስጠኝ።"

"ሳያብብ አይለይም። ጥቂት ዓመት ይታገሣሉ።"

"እኔን ነው ጥቂት ዓመት የምትለኝ?" ብለው ሳቅ ሳቅ አለው። ሦስት ሰጠኝ፣ ሦስቱንም ተከልኩ። ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣለሁ፣ አወራቸዋለሁ፤ ሌላ ማንን ላውራ? ብቻውን የሚቆም ነገር አያፈራም፣ እሱን አውቄያለሁ። ዘግይቼ ነው እንጂ።

እማማ ዘነበች ይህን ሲያወጉኝ መሸብኝና ስጽፍበት የነበረውን ደብተሬን አጥፌ ተነሣሁ። "እኔ ፍሬ ባይኖርም እመጣለሁ፣ እማማ" አልኳቸው።

"ታዲያ አሁን ምን አስነሣሽ?" አሉኝ። "ተቀመጪ።"