በሁለት እጅ የሚቀበሉት ሮቲ

ሃርጂንደር፣ ነይ ከጎኔ ቁጭ በይ እህቴ። ዱቄቱ ይበቃናል ትያለሽ? ዘንድሮ ደግሞ ኮኩ ቶሎ ደረሰ አይደል... ሙቀቱ ነው። እሁድ እሁድ የጸሎት ቤታችን የነፃ ማዕድ፣ ላንጋሩ፣ እንዲህ በሰው ሲሞላ ደስ ይለኛል፤ ለአራት መቶ ሰው የሮቲ ቂጣ መዳመጥ ወገብ ይቆርጣል እንጂ።

ያቺ የኛዋ ልጅ የሠራችውን ፊልም አየሽልኝ? እኔማ ሁለቴ አየሁት። እንዴት ያለች አዋቂ ናት! ስለ ማንነት፣ ስለ መጀመሪያ ፍቅር... ከሎስ አንጀለስ ድረስ መጥታ እኛ ፑንጃቢዎቹ ማን እንደሆንን ነገረችን። ባትነግረን በምን እናውቅ ነበር? ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ እዚያ ጥግ ሽንኩርት የሚከትፉ ሰዎች አሉ... አይ፣ ማንንም ማለቴ አይደለም።

ፊልሙ ላይ ያ ሜክሲኳዊ ልጅ፣ የኮክ ለቃሚዎቹ ልጅ፣ ላንጋር ላይ ተቀምጦ ሮቲውን በአንድ እጁ ላፍ ሲያደርግ አላሳቀሽም? በአንድ እጅ! እዚህ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንኳ ሁለት እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበለው። ግን አርቲስት ናት፣ ትንንሹን ነገር ሁሉ የት ታስታውሰው?

ያቺ ክፉ አክስትስ... ሮቲውን ከእጁ መንጭቃ ስትወረውር! አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች፣ በግራ እጇ የምትዳምጥ። እዚህ ዩባ ሲቲ ውስጥ በግራዋ የምትዳምጥ ስንት ሴት አለች ሃርጂንደር? እኔ የማውቀው አንዷን ብቻ ነው፤ ይኸው መዳመጫው በየትኛው እጄ እንዳለ እይው። ከሲኒማ ቤት ስንመለስ የልጅ ልጄ «ናኒ፣ ለምን ነጠቅሽው?» አለችኝ። አመመኝ። ከዚያ ወዲህ ሮቲ ስሰጣት እጄን እጄን ታያለች።

አንቺ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ያን እሁድ፣ ነገሩ በእውን ሲሆን፣ አልነበርሽም፣ ህንድ ሄደሽ ነበር። ኤፍራይን፣ እውነተኛው ልጅ፣ ፀጉሩን በመሐረብ ሸፍኖ መጣና ተራ ይዘው ከተቀመጡት መሃል ቁጭ አለ። ሁለት እጁን ዘርግቶ... ማን አስተምሮት ይሆን? የሮቲውን ቅርጫት የያዘችው ልጅ እሱ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አክስቶቿን አየች። ከዚያ እንደማታውቀው ሰው ዘለለችውና ለቀጣዩ ሰው አደለች። እጆቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። እኔ ነኝ መዳመጫዬን ጥዬ፣ በዱቄታም እጄ ሁለት ሮቲ ያስቀመጥኩለት።

ፊልሙ ላይ ግን ያችው ባለ ቅርጫቷ ልጅ እጁን ይዛ፣ በሰው ሁሉ ፊት... ሲያምር! ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። ሰው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ያልደፈረውን በሠላሳ አራት ዓመቱ በካሜራ ሲደፍር እንዴት አይጨበጨብለት?

አይ፣ ምን ያስቀይመኛል? ውይ፣ እዚያ ጥግ ያለችውን አርቲስታችንን ያ ሽንኩርት እንዴት ያስለቅሳታል... እስቲ ውሃ አቀብያት። ልጃችን አይደለች? ዋሄጉሩ ይባርካት፣ ሽልማቱን ያብዛላት። በሄደችበት ሁሉ ሁለት እጇን ዘርግታ ስትቀመጥ፣ ቅርጫቱን ይዛ የምትመጣው ልክ እሷን የመሰለች ልጅ ትሁንላት።