ጃኬቱ የተሰቀለበት ድንጋይ

እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ከደሴ ለጉዳይ መጥቼ፣ ፒያሳ ጊዮርጊስ አጠገብ ለተሰዉ ወታደሮች መታሰቢያ ወደተሠራች ትንሽ የአትክልት ቦታ ገባሁ። ስማቸው በተቀረጸበት ድንጋይ ፊት ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት ደግሞ ድንጋዩን በእጃቸው ይዳስሳሉ። «እማማ፣ ፎቶውን አበላሹብን እኮ! ወዲያ ይበሉ» አላቸው ፎቶ አንሺው። «ይቅርታ ልጄ» ብለው ገለል አሉ። ይቅርታ ጠያቂዋ እሳቸው መሆናቸው ደሜን አፈላው። «በማን ደጅ ቆመህ ነው ማንን የምታባርረው?» ብዬ ጮህኩበት። «አንተ ምን አገባህ? ምንህ ናቸው?» «እናቴ ናቸው!» አልኩ። በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም።

ሙሽራዋ ደንግጣ ቬሎዋን ሰብስባ ከድንጋዩ ራቀች። እናትየዋ ክንዴን ያዙና፣ «የኔው ልጅ እንኳ እንዲህ አይጮህም ነበር» አሉኝ። «ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ ስሙን ፈልግልኝ።» የልጃቸውን ስም ነገሩኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ የለም። ያላየሁት ፎቶ አንሺው ጃኬቱን የሰቀለበትን ጥግ ብቻ ነበር። ጃኬቱን አንስቼ መሬት ላይ ወረወርኩት። ስሙ እዚያ ነበር። እጃቸውን ይዤ ፊደሎቹ ላይ አሳረፍኩላቸው።