ሳይፈተሽ የገባው ሳጥን

ነፃነት በመጣ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አስመራ ውስጥ ዓኽርያ ሰፈር ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ደብተር የያዘች ልጅ «ይቅርታ አባቴ፣ የአቦይ ደበሳይ ጋራዥ የት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደበሳይ አብሮ አደጌ ነው፤ እኔም በሰው ጉዳይ መግባት የማይሰለቸኝ ጡረተኛ መምህር ነኝና ራሴ ወሰድኳት። ስሟ ራሕዋ ነው። አዲስ አበባ አድጋ በቅርቡ የተመለሰች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆነች ከእኛ ጋር የምታወራው በአማርኛ ነበር። ጥናቷ ስለ ጋራዦች ነው፦ ዕቃቸው ከየት ይመጣል፣ ጥራቱን ማን ያረጋግጣል፣ ቢቋረጥስ ምን ያደርጋሉ።

ደበሳይ የአውቶቡስ ፍሬን ሸራ ይለውጣል። ፍሬን ሲረገጥ ጎማውን ይዞ የሚያቆመው ያ ሸራ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የገዛው ከአንድ ነጋዴ፣ ከሃብተጽዮን ብቻ ነው፤ አንድም ቀን ሳጥኑን ፈትሾ አያውቅም። በእኛ ዘንድ የወዳጅን ዕቃ ፊት ለፊቱ መፈተሽ ሌባ ነህ እንደማለት ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያን ዕለት በሐሳቡ ከደበሳይ ወገን ነበርኩ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ሃብተጽዮን አበልጄ ነው» አላት። «ቃሉ ይበቃኛል።»

«እሳቸውን አልጠረጠርኩም፣ አቦይ» አለች በትሕትና። «ግን እሳቸውም የሚገዙት ከማያውቁት ሰው ነው። ባለፈው ወር ዕቃውን የሚያመጣው መርከብ ሲዘገይስ እርስዎ ምን አደረጉ?»

ምን ያደርጋል? ሁለት ሳምንት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ሃብተጽዮን በመጨረሻ ከገበያ ያገኘውን ሲያመጣለት በደስታ ተቀበለና ከፊተኛው ግዢ ከተረፈው አሮጌ ጋር በአንድ ሳጥን ደባለቀው። ራሕዋ ከሳጥኑ ሁለት ሸራ፣ የፍሬንን ግለት ይችሉ እንደሆነ፣ በእሳት እንዲሞክርላት ለመነችው። እየሳቀ የብየዳውን እሳት ለኮሰ። አንዱ ቻለ። ሁለተኛው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረካከሰ።

ደበሳይ ሳቁን አቆመ። ትናንት የልጁን የረዳኢን አውቶቡስ ሸራ የለወጠው ከዚያ ሳጥን ነበር፤ ረዳኢ ደግሞ አርባ ሰው ጭኖ ወደ ምፅዋ ከተነሳ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ያን ቁልቁለትና ገደሉን የማያውቅ አስመራ ውስጥ የለም።

«ከአሮጌው ነው የገጠምኩት ከአዲሱ?» አለ። «አላውቅም። የገዛ ልጄን ማኪና፣ አላውቅም እኮ!»

ከጎን ካለው ሱቅ፣ ቁልቁለቱ መንገድ ላይ ወዳለችው ወደ ነፋሲት ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ደወልን። አውቶቡሱ አልደረሰም፤ ሲመጣ እንነግራችኋለን አሉን። ስልኩ ሥር ቆመን ጠበቅን። ደበሳይ የልጁን ስም ብቻ ይደጋግማል፤ ራሕዋ ጥያቄዋን ባትጠይቅ ኖሮ የተሻለ ይሆን የነበረ ይመስል ደብተሯን ከጀርባዋ ደበቀች። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቱም ጊዜ የሱቁ ደንበኞች ነበሩ።

በሦስተኛው ራሱ ረዳኢ ነበር፤ ነፋሲት ሳይደርስ፣ ከአርባሮባ መንደር ነው የደወለው። እዚያ ፍሬኑ ሲሸት ጊዜ ማኪናውን ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ በግድ አቁሟል፤ ሰውም ሕፃን አዝሎ በእግሩ እየወረደ ነው። ደበሳይ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ሸራ ሁሉ በየመጣበት ቀን ለብቻው ይቀመጣል፤ ከእያንዳንዱ ሳጥን ጥቂቱ በእሳት ይፈተናል፤ የትኛው በየትኛው አውቶቡስ እንደተገጠመ ይጻፋል። መርከብ ቢዘገይ ያገኘውን ሁሉ እንዳይቀበል ደበሳይ በከረን ከተማ ሁለተኛ ነጋዴ ያዘ። አንዱ ቢበላሽ የቱ ማኪና መቆም እንዳለበት አሁን በደቂቃ ይታወቃል።

ከባዱ ግን ሃብተጽዮን ነበር። አዲስ ሳጥን ይዞ ሲመጣና ደበሳይ እሳቱን ሲለኩስ ፊቱ ጠቆረ፤ ሳጥኑን አንሥቶ ሊሄድ ሲል ደበሳይ እጁን ያዘው።

«አንተን ብጠረጥር ከሌላ እገዛ ነበር» አለው። «ያን ቀን ስልክ ሥር አልቆምክም፣ ሃብተጽዮን። እኔ ቆሜያለሁ።»

ሃብተጽዮን ያነሣውን መልሶ መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ሳጥኑን ራሱ ከፈተና አንድ ሸራ መርጦ እሳቱ ላይ ያዘው።