ትኩሳትን ከትኩሳት የለዩት አቶ መርሻ

አቶ መርሻ ወልደአማኑኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደአማኑኤል ገብረ መድህንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አባይነሽ በ፲፱፻፰ ዓ.ም. በጎበሳ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ፣ በጠላት ወረራ ማግስት አዲስ አበባ ሄደው የድሬሰርነት ሙያ ቀሰሙ፤ ተመልሰውም አሰላ በአንዲት አነስተኛ ክሊኒክ ተቀጠሩ፤ ወይዘሮ የሺሃረግ ሣህሌን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

ተስቦ፣ እየተመላለሰ የሚያተኩሰው ግርሻና ወባ አጀማመራቸው ሁሉ ትኩሳትና ራስ ምታት ነውና፣ በገበያ ቀን ደጁን የሚያጨናንቀውን በሽተኛ ለመለየት አቶ መርሻ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ካከሟቸው መካከል የየበሽታውን ጠባይ አጉልተው ያሳዩትን ጥቂት ሰዎች በልባቸው ይዘው፣ አዲስ የመጣው በብርድ ብርድ ማለቱ፣ በዓይኑ ብጫነትና በገላው ሽፍታ ለማን እንደሚቀርብ እያመዛዘኑ፣ ይበልጥ የቀረበውን ሰው ያዳነውን መድኃኒት ይሰጡ ነበር። ያከሙትን ሁሉ እያስታወሱ ቢያነጻጽሩማ ሰልፉ ሳያልቅ ይመሽ ነበር። የሲሬው ነጋዴ አቶ ሁሴኖ ቱሳ የወባ ኪኒን ካልፈወሰው ግርሻ የዳኑት በዚሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች በፋሲካም በዒድም አልተለያዩም።

በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው መሰረት ከቆላ ዘመዶቿ ዘንድ በተመለሰች ሰሞን ታመመች። አባቷ ከቆላ መምጣቷን አይተው ከወባዎቹ ጎን አሰለፏት፤ በገላዋ ብቅ ያለውንም ሽፍታ የትንኝ ንክሻ አድርገው ቆጠሩት። ተስቦ መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ለቀስተኛው ሊያጽናናቸው ሲሞክር፣ «የለካሁት የመጣችበትን መንገድ ነው እንጂ ሕመሟን አይደለም» አሉ።

ከዚያም ቤታቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ የተነሡትም አቶ ሁሴኖ የታመመች እህታቸውን ዙቤዳን በፈረስ ጋሪ ጭነው ደጃቸው ድረስ ባመጧት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በሽተኛው ለሁለት ሕመም እኩል የቀረበ እንደሆነ ለመፍረድ ሳይቸኩሉ፣ እዚያው አስተኝተው ምልክቱ እስኪለይ አጠገቡ ይቀመጡ ነበር። በዘንድሮው ወረርሽኝም ከሕሙማኑ ሳይለዩ ሰንብተው ራሳቸው ወደቁ። የገላቸውን ሽፍታ አይተው ተስቦ መሆኑን ለባለቤታቸው የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ ልጆቹም እንዳይቀርቧቸው ስላዘዙ ስንብታቸው በመስኮት ሆነ። በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ዐረፉ።

በእርጅናቸው ልጅ የቀበሩትን እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺሃረግን፣ ልጆቻቸውን ይርሳውንና አሰፋችን፣ እንደ ወንድም የሚያለቅሱላቸውን አቶ ሁሴኖን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር የደከመ ጎናቸውን ያሳርፍ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምር፤ አባታቸውን በመስኮት የተሰናበቱትንም ልጆች እርሱ አባት ሆኖ ያሳድግልን። አሜን።