አልነሳ ያለው ኮምፒውተር

ሳውዲ ውስጥ፣ ከደማም ወደ ኾባር በሚሄደው ታክሲ አንድ ሐበሻ አሮጌ ኮምፒውተር ታቅፎ ተቀምጧል። እኔ ከኋላቸው ነኝ። አጠገቡ ያለው ሐበሻ ጠየቀው።

«ወንድሜ፣ ምን ሆኖብህ ነው?»

«አልነሳ አለ። የጥልፍ ማሽን ፕሮግራሜን አዲሱ ኮምፒውተሬ ላይ ስጭነው ‹ፈቃዱ በሌላ ኮምፒውተር ተይዟል፣ መጀመሪያ ከዚያ ልቀቀው› ይለኛል፤ የያዘው ይሄ አሮጌው ነው።»

«ሻጮቹስ?»

«የድሮ ነው፣ ማፊ፣ ምንም የለም አሉኝ። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛዬ፣ ወጥቶልኛል፤ ደሴ ገብቼ ጥልፍ ቤት ልከፍትበት ነበር። በሕልሜ እኮ ይበራል፤ የሣልኩት አበባ ሁሉ ስክሪኑን ሞልቶ ይፈካል።»

«ስትከፍተው ድምፅ አለው?»

«ጭጭ ነው።»

«ምናልባት የተቃጠለው ፓወሩ ብቻ ይሆናል። እሱን ቀይረን ከተነሳ፣ ፈቃዱን ታስለቅቀዋለህ። እዚህ ሸማሊያ ሰፈር ጥገና ቤት ነው የምሠራው፤ አብረን እንውረድ።»

«ኢንሻአላህ በለኝ።»

«ኢንሻአላህ።»

ወርደው ኮምፒውተሩን ግራና ቀኝ ይዘው ሲሄዱ በመስኮት እያየኋቸው፣ መውረጃዬን አልፌ ባሕሩ ዳር ደረስኩ።