ሆዱ የተነፋው ፓወር ባንክ

የጻፍኩት ጽሑፍ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ተነበበልኝ! ደስታው ሳይበርድልኝ ከሜክሲኮ ታክሲ ያዝኩ። ከፊቴ "መስኮት ዝጉ!" ሲሉ የነበሩ እናት፣ ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት ላይ ድንገት ጮኹበት።

"አንተ! ይሄ ነገርህ ጭኔን አቃጠለኝ!"

"ፓወር ባንክ ነው ማዘር። ስልኬን እየሞላሁበት ነው።"

"ሆዱ ተነፍቷል እኮ!"

"ቤት የምሞላበት ቻርጀር ተበላሽቶ ነው፤ በሰካሁት ቁጥር ያግለዋል። ግን ይሞላል።"

"መሙላቱንማ በሆዱ አየሁት! ባትሪውን ገድሎታል፣ እኛንም ሊጨምር ነው። ንቀል!"

"ዛሬ ለሥራ ይደውሉልኛል። ስልኬ ከዘጋ አለቀልኝ።"

"ተቃጥለህ ልትቀጠር? ንቀል አልኩህ!"

"ነቀልኩ! ይኸው ስልኬም ጠፋ። ደስ አለዎት?"

"አታፍጥብኝ! ሲምህን አውጣና እኔ ስልክ ውስጥ ክተት።"

"እርስዎ ግን ልደታ 'ወራጅ አለ' ብለዋል እኮ።"

"እስኪደውሉልህ የት እወርዳለሁ? መስኮቱንም ክፈተው!"

እኔ ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ሰድጄ የራሴን ፓወር ባንክ ዳሰስኩት፤ እናንተም የራሳችሁን ዳስሱና የታክሲያችሁን ወሬ ጻፉልኝ።