ብራውዘር መቀየር የፈሩት ፎቶ አንሺ

ፎቶ አንሺው ኮምፒውተሩን በመዳፋቸው መታ መታ ሲያደርጉ፣ ዝናብ ያባረረው የእህታቸው ልጅ ዘው አለ። በደጅ ሲያልፍ ነበር እንጂ እሳቸውን ብሎ አልመጣም።

«እግዜር ነው የላከህ!» አሉት። «የተማሪዎቹን የመታወቂያ ፎቶ ልልክ ብል የትምህርት ቤቱ ገጽ አልከፈት አለኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰ ሥራውን ለሌላ ፎቶ ቤት እንሰጣለን ብለዋል።»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቀ። «ገጹ ምን አደረገ፣ አጎቴ? ያረጀው ብራውዘሩ፣ ኢንተርኔት የሚከፍቱበት ፕሮግራም ነው። ሠሪዎቹ እንኳ ማደሱን ትተውታል።»

«አፍህን ያዝ! ያኔ አገር ምድሩ ኢንተርኔት የሚገባው በእሱ ነበር። ሌላ መኖሩንም የሚያውቅ አልነበረም።»

«እሱ ነዋ የገደለው! ተፎካካሪ ሲያጣ ተኛ። እሱ ሲያንኮራፋ ሌሎቹ ፈጥነው መጡ፤ ሰዉም ጥሎት ሄደ።»

ሰው የለመደውን ነገር ጉድለት አያይም፤ በሩ ሲንቋቋ የሚሰማው እንግዳው ነው። ፎቶ አንሺውም ገጽ ሲንቀራፈፍ መስመሩን፣ ሥዕል ሲቆራረጥ ደመናውን ሲራገሙ ኖሩ እንጂ ብራውዘራቸውን አንድ ቀን አልጠረጠሩትም።

«እሺ፣ ዛሬ የነገሠውስ ነገ አይወድቅም?»

«ይወድቃል እንጂ!»

«ታዲያ ከወዳቂ ወደ ወዳቂ ምን ያንከራትተኛል? ነገ ደግሞ ሚስትህን ቀይር በለኛ!»

«ኧረ እትዬ እንዳይሰሙዎት! ይሄ መሣሪያ ነው። ካሜራዎን ስንቴ ቀየሩ? ደንበኛ እንዳይሸሽ ብለው አይደል? ብራውዘር ሠሪዎቹም የሚተጉት እኛን ላለማጣት ነው። እኛ ከተቀመጥንበት ካልተነሣን ማን ይተጋል?»

ፎቶ አንሺው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የልባቸውን አወጡ። «የደንበኞቼ ፎቶ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው ያለው። የሰርጉ፣ የምርቃቱ፣ የሞቱት ሰዎች ሳይቀር። ብለቀው ይዞብኝ ይጠፋል።»

ለካስ ፍቅር አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ወጣቱ አሁን አልሳቀም። «ፎቶዎቹማ ያሉት በኢንተርኔት ላይ ካስቀመጡበት ማኅደር ነው። ብራውዘር በር ነው። በር ቢቀየር ዕቃው የት ይሄዳል? አሮጌውን ሳልነካ አዲሱን ከጎኑ ልጫነውና በዓይንዎ ይዩ።»

«ጉድ ከሠራኸኝ ለእናትህ ነው የምነግርብህ!»

ጫነው። የይለፍ ቃሉ ግን ከአእምሯቸው ጠፍቷል፤ ሲያስታውስላቸው የኖረው አሮጌው ነበራ! ወጣቱ ከዚያው ከአሮጌው ማስተካከያ ፈልጎ አወጣው። ፎቶ አንሺው ፊደሉን በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። ሙሽሮቹ፣ ተመራቂዎቹ፣ አፈር የለበሱትም ከነፈገግታቸው ተደረደሩ።

«አንድም አልጎደለ!» አሉ፣ ዓይናቸውን እየጠራረጉ። የትምህርት ቤቱም ገጽ ቦግ ብሎ ተከፈተ፤ የተማሪዎቹ ፎቶ ከስድስት ሰዓት በፊት ደረሰ።

«እንግዲህ በዚህኛው ይምላሉ፣ አጎቴ?»

«አልምልም! እሱም ብቻውን ሲነግሥ ይተኛል። ሌላም ጫንልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ቁርስ ሳይበላ ያልቃል፤ አንዱ ብራውዘር ቢያምፅ በሌላው ይልካሉ፤ እድሳት ሲመጣም «ቆይ» አይሉም። አንዳንድ ጠዋት ሁለቱን እኩል ይከፍቱና ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። «በሉ፣ ዛሬ የቀደመ ይሠራል!» ይሏቸዋል።